ሦስቴ የተለካው ልጅ

ፍርዱ የተሰማው ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ነው። አምስት ተኩል ሲል የልብስ ስፌት ሱቃችን ሰው በሰው ሆነ። ስምንት ወር ሙሉ ደጃችንን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ የነበሩ ሁሉ እየተጋፉ ገቡ። ሚስቴን ያቅፏታል፣ ይስሟታል። «እትዬ ሜትር፣ አንቺ ባትኖሪ እኮ!» ይሏታል። ሜትር ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው።

እኔ ካውያዬን እንደያዝኩ ከጥግ ሆኜ አያለሁ። ደስ አለኝ? እንዴታ! ደረቴ ተነፍቶ ሸሚዜ ሊተረተር ነበር። ባለጉዳዩ እኔ ይመስል «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ» እላለሁ።

ከእኛ ሦስተኛው ቤት አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይኖር ነበር። መብራት የጠፋበት ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። መጥቶ ያስተካክላል፣ «ምን ችግር አለው» ብሎ ይሄዳል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሁለት ልጆቹን ከእናቱ ጋር ነበር የሚያሳድገው። የሰባት ዓመቱ ወንድ ልጁ ሲሞት «ከደረጃ ወድቆ ነው» አለ፤ ሰፈሩም አብሮት አለቀሰ። ሚስቴ ግን የልኬት ደብተሯን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። በአንድ መንፈቅ ዓመት ልጁን ሦስቴ ለክታዋለች። ወገቡ በየጊዜው ቀንሷል፤ ጀርባው ላይ ያየችውን ሰንበርም ከቁጥሮቹ ጎን በእርሳስ ጽፋዋለች።

ችሎት ፊት የሰውየው ጠበቃ «የተማርሽው ስፌት ነው ወይስ ሕክምና?» ብሎ ሊያሾፍባት ሞከረ። «ስፌት ነው። ሕፃን ወደ ኋላ እንደማያድግ ለማወቅ ግን ትምህርት አያስፈልግም» አለችው። ተነስቼ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሰፈሩ ግን «የሰው ቤት አፍራሽ» አላት። ዩኒፎርም ለማሰፋት ሌላ ሰፈር ድረስ ይሄዱ ጀመር። ሰውየው ጥፋተኛ ተብሎ ሃያ ሁለት ዓመት ሲፈረድበት ነው ወደ እኛ የተመለሱት።

በዚህ መሃል ጋሽ ቁልፉ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ገቡ። የሟቹ ልጅ ቤተሰብ የተከራየው የእሳቸውን ቤት ነው። ቀበቷቸው ላይ የታጨቀው ቁልፍ ከእሳቸው ቀድሞ ይገባል። ስፌት ማሽኑ ላይ አንድ ወረቀት ዘረጉ።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ የሰፈሩ ፊርማ ነው። አሮጊቷና ትንሿ ልጅ ከዚህ እንዲወጡ። ያንን አውሬ ወልዳ፣ አንድ ጣራ ሥር ዝም ብላ ያየች ሴት አጠገባችን አትኖርም። የላዩን ቦታ ለአንቺ ስም ትተንልሻል።»

ሰዉ አጨበጨበ። ሚስቴ ወረቀቱን ቀስ ብላ አነበበች። ሠላሳ ምናምን ሰው ፈርሟል። ያጣችውን ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መልሳ አግኝታለች፤ እምቢ ካለች ነገ ደግሞ ያው ባዶ ሱቅ ነው። በልቤ «ፈርሚና እንረፍ» አልኩ። አልዋሽም።

«ልጁን ሦስቴ ያመጣው ማን ይመስላችኋል?» አለች።

ወረቀቱን ማሽኑ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«አያቱ ናቸው። ዩኒፎርሙ እኮ አዲስ ነበር! መጀመሪያ ሲያመጡት ‹ሱሪው ጠቦታል፣ ለኪው› አሉኝ። ብለካው ጭራሽ ሰፍቶታል። በወሩ ደግሞ መጡ። በሦስተኛው ‹ሸሚዙን አውልቀሽ ለኪው፣ ጀርባውን ደህና አድርገሽ ለኪው› አሉኝ። ለሱሪ ሸሚዝ ይወልቃል?»

«ታዲያ አፍ አውጥታ አትናገርም?» አሉ ጋሽ ቁልፉ።

«በገዛ ልጃቸው ላይ? ቢናገሩስ ከእናንተ ማን ያምናቸው ነበር? ዝም አላሉም፤ የሚያይ ሰው ሲፈልጉ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። የገባኝ ዘግይቶ ነው።»

ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። የዘገየችው እሷ አይደለችማ!

«ውሸቷን ነው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «በሦስተኛው ጊዜ የልጁን ጀርባ አይታ ልብሷን ለባብሳ ፖሊስ ጋ ልትሄድ ተነስታ ነበር። ‹በሰው ቤት ምን አገባሽ፣ አሮጊቷም ጃጅተው ነው› ብዬ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ልጁ በአራተኛው ቀን ሞተ። አይቶ ዝም ያለ ሰው ከሰፈር የሚባረር ከሆነ፣ ጋሼ፣ ከላይ የእኔን ስም ይጻፉ።»

እስክሪብቶውን ሰጠኋቸው። አልተቀበሉኝም። የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ ዓይኗን እየጠረገች ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ስሟን ሰረዘች። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ከመካከላቸው የተቆጣም፣ ያፈረም ነበር። ጋሽ ቁልፉ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔስ መች ቤቱን ለሌላ ተከራይ አሳየሁ» እያሉ ሄዱ።

ሱቁ ባዶ ሆነ። ሚስቴ የሱቁን ቁልፍ አነሳች። «ና» አለችኝ፤ በጠራራ ፀሐይ ሱቃችንን ቆልፈን፣ ሰዉ እያየን፣ ጎን ለጎን ወደ ሦስተኛው ቤት ሄድን። እንዲህ ያለች ሚስት ይዤ አንገቴን ስደፋ መክረሜ ገረመኝ። የዚያን ቀን ግን ቀና አልኩ።

አያቱ በሩን ሲከፍቱ ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ ትንሿ ልጅ ቀሚሳቸውን ይዛለች። ከኋላቸው ሁለት የታሰሩ ሻንጣዎች ይታያሉ።

«እማማ፣» አለች ሚስቴ፣ «ዕቃውን ይፍቱት።»