ጄኔራሉን ማስወጣት

ይህ ታሪክ ከአፍ እስከ ገደፉ እውነት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በእኛው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ዓይኔ እያየ የሆነ ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይታሰር።

ዌንደል ሺፍሌት በሩን በጉልበቱ ገፋ። በትከሻው ገፋ። ወይ ፍንክች።

"ምን ሆነሃል?" አለችው ሚስቱ ኦፓል በሹክሹክታ።

"በሩ እንቢ አለ።"

ቤተ ክርስቲያናችን የጥንት ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚቀመጠው ወገብ በሚደርስ፣ በር ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ሴቶቹ ለበዓሉ ያምራል ብለው ዋዜማውን ነጭ ቀለም ቀቡት። ጠዋት ገና እጅ ይይዝ ነበር። ባልና ሚስቱ ገብተው በሩን ጠረቀሙት፤ የቀረውን ማሞቂያውና የቄሱ ረጅም ስብከት ጨረሱት። በሩና ሣጥኑ አንድ ሥጋ ሆኑ።

በአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በጄኔራል ዋሽንግተን ልደት ሰሞን አንድ ልማድ አለን። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሩ ዌንደል ነጭ ዊግ አጥልቆ ጄኔራሉን ይሆናል፤ ኦፓል ደግሞ ሚስታቸውን ማርታን። የእውነተኛዋ ማርታ የልጅ ልጅ እንደጻፈችው፣ ጄኔራሉ ቁርባን ሊቀርብ ሲል ተነስተው ይሄዱ ነበር፤ ማርታ ትቀር ነበር። ለምን እንደሆነ እኛ እስከ ዛሬ እንጣላበታለን።

ዌንደል ራሱ ምንም አያምንም። ዓመቱን ሙሉ ደጁን አይረግጥም፤ በዚያች እሁድ ግን ይመጣል፣ በክብር ለመውጣት።

ዘንድሮ ኦፓል ማክሰኞ የልብ ኦፕራሲዮን አለባት። ጠዋት ከቤት ሲወጡ፣ "አንዴ ብቻ አጠገቤ ተንበርከክልኝ። እመን አላልኩህም" ብላው ነበር።

"ጄኔራሉ ይወጣሉ፣ ኦፓልዬ። ታሪክ ነው።"

"ጄኔራሉን መች ጠየቅኩ?"

አሁን ሰው ሁሉ እሱን ያያል። እኔም የጄኔራሉን ጦር የከበሮ መቺ ልብስ ለብሼ ከኋላው ሣጥን ነበርኩ፤ ጠጋ ብዬ፣ "ዝለለው እንጂ። ጄኔራሉ ስንት ወንዝ ተሻግረዋል" አልኩት።

"በዚህ ሱሪ? ቢቀደድ የምትሰፋው አንተ ነህ?"

ወይዘሮ ዩዶራ ብላንተን ከማዶ ስልኳን ደገነች። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ በገንዘቧ ያሳደሰችው እሷ ናት፤ ጄኔራሉ ተንበርክከው ሲጸልዩ የሚያሳይ ፎቶ አዳራሹ ውስጥ ካልሰቀልኩ ብላ ስታደርቀን ኖራለች።

"እግዜር ራሱ ቆለፈብህ፣ ዌንደል" አለች። "በል እንግዲህ፣ ወደ እኔ ዞር ብለህ ተንበርከክ።"

"ጄኔራሉ ቆመው ይጸልዩ ነበር ነው የተባለው፣ ወይዘሮ ዩዶራ" አሉ ቄስ ፔምበርተን ከመሠዊያው።

"ሰውየው ደክሟቸው አንድ ቀን ቢንበረከኩስ? ማን አይቷቸዋል?"

ቄሱ ወደ ሣጥኑ እያዩ፣ "ኦፓል፣ መውጣት ካልቻልሽ ቁርባኑን ይዤ እኔ እመጣለሁ" አሉ።

ኦፓል የሣጥኑን ጠርዝ ይዛ ቀስ ብላ ተንበረከከች። አንዱ ጉልበቷ ሲያርፍ ቋ ሲል ሰማሁት። ዌንደል ቆሞ ቀረ። ኮሌታው አነቀው፤ ከዊጉ ሥር ላቡ ይወርዳል። በአንድ በኩል የተጣበቀው በር፣ በሌላ በኩል ሚስቱ፣ ከፊት ስልኩ። አውቶቡሱ እንኳ የአደጋ መውጫ አለው። ቢንበረከክ ጄኔራሉ በውሸት ግድግዳ ላይ ሊሰቀሉ ነው፤ ባይንበረከክ ደግሞ ማክሰኞ አለ።

አንዴ በሩን አየ፣ አንዴ ኦፓልን። ከዚያ ዊጉን አወለቀ። መላጣው አበራ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለች ወይዘሮ ዩዶራ።

"ጄኔራሉን እያስወጣሁ።"

ዊጉን አሻግሮ ከበሩ ውጪ፣ መተላለፊያው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ የአውቶቡስ ሹፌሩ ዌንደል ሺፍሌት በጠባብ ሱሪው ተንበረከከ። ወይዘሮ ዩዶራ ስልኳን አወረደች፤ መላጣ ጄኔራል ምን ያደርግላታል?

ቄሱ ዊጉን ተራምደው ኅብስቱን ይዘው መጡ። ኦፓል ተቀበለች። ዌንደል አልቀበልም በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ ቄሱም አለፉት። እሱ ግን አልተነሳም። ኦፓል ዞር ብላ አየችውና ፈገግ አለች።

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ፣ ነውም። ያቺን ፈገግታ ብቻ ከራሴ ጨመርኳት። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ያየሁት ጀርባቸውን ነው።