የላም ሥዕል ያለበት ጣሳ

ማሬ ጣሳውን ያገኘችው የልጇን የሩጫ ጫማ ልታጥብ ከአልጋ ሥር ስትጎትት ነው። ጫማውን የነቀምቴ ቀይ አቧራ ጡብ አስመስሎታል። ጣሳው ከጫማው ኋላ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ንጹሕ ነገር ነጠላ ተከናንቦ አልጋ ሥር አይደበቅም።

ጣሳውን ከዚህ በፊት አይታዋለች። «የአተር ዱቄት ነው እማ፣ የጾም ነው» ብላት ነበር ኬኔ ከሳምንት በፊት። የሰጣት አሰልጣኟ ቀነአ ነው። ማሬም አመነቻት፤ የወለድኳት ልጅ በሁዳዴ ትዋሸኛለች ብላ አላሰበችም። አሁን ግን ጣሳውን ወደ በሩ ብርሃን አወጣችው። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው። ማሬ የአማርኛውንም ቢሆን በመሠረተ ትምህርት ጀምራ ሳትጨርስ ነው የተወችው። ሥዕል ለማንበብ ግን ትምህርት ቤት አያስፈልግም። ከጣሳው ጎን፣ ጡቷ ሣሩን ሊነካ የደረሰ ዥጉርጉር ላም ቆማለች።

«አተር ከመቼ ወዲህ ነው ጡት ያወጣው?» አለች።

ጫማውን እዚያው ጥላ፣ ጣሳውን በብብቷ ሸጉጣ ወደ ስታዲየም ገሰገሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አምስት ሺ ሜትር ትሮጣለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት፣ የአንድ ክለብ ሰዎች ነቀምቴ መጥተው አራት ሴት ሯጮች ሊመርጡ ነው። የተመረጠች ደመወዝ አላት፣ ማረፊያ አላት፣ የእናቷን የሽንኩርት መደብ አትወርስም። ኬኔ ደግሞ ጾሙ ከገባ ወዲህ አንድ ቀን እንደ ሚዳቋ ትሮጥና በማግስቱ እግሯ ግንድ ይሆናል። ልምምድ የምትገባው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ እናቷ ቤት በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀመስም። ቀነአ በዚህ ነገር ከማሬ ጋር ሁለት ጊዜ ተጣልቷል። እሱ ጴንጤ ነው፤ ሁዳዴ ለእሱ የሌላ ሰው ቤት ነው።

«ነጋ ጂርታ፣ አዴ ማሬ? ሰላም ነዎት?» አለ ከሩቅ ሲያያት።

«ነጋ የለም! ይቺ ላም አተር ውስጥ ምን ትሠራለች?»

ቀነአ ጣሳውን አየ፣ ኬኔን አየ። ኬኔ መሬት መሬት ታያለች። ሌሎቹ ሯጮች እግራቸውን እያፍታቱ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ከወተት የወጣ ዱቄት ነው» አለ። «ሰው ሲሮጥ ሥጋው ውስጥ ውስጡን ይበጣጠሳል። ያንን የሚጠግነው ፕሮቲን ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ እንዲህ ያለ ነገር መብላት አለባት። ያውም ቶሎ፣ ላቧ ሳይደርቅ።»

«በሁዳዴ!»

«ጡንቻ ሁዳዴ አያውቅም፣ አዴ ማሬ።»

«የማታውቀውስ አንተ ነህ! የሰው ልጅ ጾም በጣሳ ታስፈታለህ? አፈር ብላ!»

ክዳኑን ፈልቅቃ ጣሳውን ገለበጠችው። ነጩ ዱቄት ቀዩ መሮጫ ላይ ተከመረ፤ ነፋሱ እያነሳ ልብሷ ላይ በተነው። ከሯጮቹ አንዷ ሳቀች፤ ቀነአ ዘወር ብሎ ሲያያት አፏን ያዘች። «እርስዎ» ማለቱም ያን ጊዜ አለቀ።

«የልጅሽን እግር ነው የደፋሽው» አላት።

«ተንኮልህን ነው የደፋሁት!»

«እማ፣ ተይው» አለች ኬኔ። ድምጿ አይንቀጠቀጥም፤ ማሬን ያስደነገጣት ይሄ ነው። «እሱ ወተት ነው ብሎኛል። ለእናትሽ ንገሪያት ብሎኛል። አተር ነው ብዬ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«እኔ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እግሬ ይሞታል። አንቺ ለነፍሴ ስታስቢ እኔ አለቅኩ።»

ማሬ ልብሷ ላይ የተበተነውን ዱቄት በቁጣ አራገፈች። ቀነአ ባዶውን ጣሳ አንስቶ ሰጣት።

«ከነገ ጀምሮ» አለ፣ «ከልምምድ በኋላ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ፕሮቲን ያለው ነገር ካልበላች ስሟን ለክለቡ አልሰጥም። እዚያ ሰው ፊት የምትወድቅ ልጅ አላሰልፍም። የጾም ከሆነ የጾም ይሁን፣ አምጪ። ቆሎ ብቻ ግን እንዳታመጪብኝ። ቆሎ ያስኬዳል እንጂ የተበጣጠሰውን ብቻውን አይጠግንም።»

«አመጣለሁ! አንተን ብዬ ግን አይደለም!»

ገበያ ደርሳ መደቧ ላይ ስትቀመጥ ሽንኩርቱን እየወረወረች ነው የደረደረችው። ከጎኗ ሩክያ አለች፤ ከአንገር ጉቲን የሚመጣ ኦቾሎኒና አኩሪ አተር ትሸጣለች። ሁለቱም ከወሎ በሰባ ሰባት ድርቅ፣ በልጅነታቸው፣ በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ ናቸው። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋልና ሁለቱም ጦመኛ፣ ሁለቱም ቁጡ።

«ሽንኩርቱ ምን አደረገሽ?» አለች ሩክያ።

ማሬ ነገረቻት። ሩክያ ሰምታ ስታበቃ እጇን ጆንያው ውስጥ ከታ አንድ እፍኝ አኩሪ አተር አወጣች።

«ይኸው። ከዚህ በላይ የሥጋ ወንድም የት ይገኛል?»

«አንሺልኝ!» ማሬ ፊቷን አዞረች። «ሽታውን አልችለውም።»

ሽታው ከወሎ መጥተው ያረፉበት የጉቲን መጠለያ ሽታ ነው። ስድስት ዓመቷ ነበር። አኩሪ አተር ያለበት የርዳታ ዱቄት አጥሚት ሆኖ በበርሜል ይፈላል፣ እናቷ ቆርቆሮ ይዛ ትሰለፋለች፣ አዳዩ «ቀጥል!» እያለ ያመናጭቃል። ማሬ የራሴ ምድጃ ሲኖረኝ ይሄ ነገር ደጄን አያልፍም ብላ የማለችው ያኔ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሩክያ አጠገብ ኖራ አንድ ጣሳ አልገዛችም።

«ረሳሽው?» አለች ሩክያ። «ከመኪናው ያወረዱሽ በሸክም ነው። እኔን አባቴ አዝሎኝ። በወሩ ጉቲን ሜዳ ላይ ስንራገጥ አልነበር? እግር ያበቀለልን ምን መሰለሽ፣ የአዳዩ ፊት ነው? ጥላቻሽን ለአዳዩ አድርጊው፣ እህሉ ምን በደለሽ!»

«ሰዓቱስ? ገና ጠዋት ልትበላ?»

«እሱን ለአምላክሽ አንቺ ንገሪው። እኔ በሰው ጾም አልገባም።»

ማሬ ሁለት ጣሳ ሰፍራ ወሰደች። እንዴት እንደሚሠራ ግን አልጠየቀችም፤ ሩክያን ከምትጠይቅ ምላሷን ብትቆርጠው ይሻላታል። እንደ ሽምብራ ቆላችው፣ ፈጨችው፣ በውኃ በጥብጣ ስታዲየም ወሰደች። ኬኔ አፍንጫዋን ይዛ ጠጣች። ረፋዱን ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ በማግስቱ ሁለት ዙር ሮጣ አቋረጠች።

«መርዝ ነው ያመጣሽው?» አለ ቀነአ። «ቢቆላም ጥሬ ነው! ከእንግዲህ እንዲህ ከሆነች ስሟን እሰርዛለሁ፣ ጴንጤ ሆኜ አልምልም እንጂ እሰርዛለሁ!»

ማሬ እየተሳደበች ወደ ሩክያ ተመለሰች። ሩክያ ከት ብላ ሳቀችባት፤ ስቃ ስታበቃ ነገረቻት። አኩሪ አተሩ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ታሽቶ ልጣጩ ይወጣል፣ ሽታው እስኪለቅ ይቀቀላል፣ ደርቆ ይታመሳል። ከዚያ ከኦቾሎኒ ጋር ይወቀጥና ከገብስ በሶ ጋር በጨውና በውኃ ይጨበጣል። ማሬ ሁሉንም እንደተባለችው አደረገች፤ ጎረቤት እንዳያይ በሯን ዘግታ።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ ኬኔ ልምምድ ጨርሳ ላቧ ሳይደርቅ፣ ሳህኑን እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«እማ፣ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው።»

«የጾም ምግብ ነው። ሰዓቱን ተይው፣ የአንቺን ሰዓት እኔ እጾመዋለሁ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ዝም ብለሽ ብይ! ውሸታም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሬ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አትበላም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ትቆያለች፤ ልጅቷ በልታ ያጎደለችውን ሰዓት እሷ በራሷ ጾም ላይ ትቀጥልበታለች። ከመስጊድ አዛን ሲሰማ ሩክያ በቴምር፣ እሷ በሽሮ ጎን ለጎን ያፈጥራሉ። ይሄን ያስተማራት ቄስ የለም፤ ቄስም አልጠየቀች። ጠይቃ እንቢ ብትባል ምን ልታደርግ ነው? ከኬኔ ጋር ግን ከ«ብይ» በቀር ቃል አልተነጋገረችም። ውሸቷን ይቅር አላለቻትም።

ሐሙስ ደረሰ። ኬኔ እግሯ ግንድ ከሆነ አሥር ቀን አልፎታል። ሃያ ሦስት ልጆች ተሰለፉ። ማሬ የተከደነውን ሳህን በሁለት እጇ ጨምቃ ከአጥሩ ሥር ቆመች። ስምንተኛው ዙር ላይ ኬኔ ስድስተኛ ነበረች፤ አሥረኛው ላይ አምስተኛ። መጨረሻው ላይ ከአኖ ከተማ የመጣች አንዲት ልጅ ስትንገዳገድ ኬኔ በደረቷ አልፋት ገባች። አራተኛ። የክለቡ ሰውዬ ስሟን ጻፈ።

ቀነአ እየሮጠ መጣ፤ ደስታውን ግን ማሬ ጋ ሲደርስ ዋጠው።

«ወተት ብትጠጣ ሁለተኛ ትወጣ ነበር» አለ።

«አራት አይደል የፈለጉት? ቁጥር አታውቅም?»

«ደረቅ ሴት!»

«ደረቅስ አንተ! ዞር በልልኝ!»

በትከሻዋ ገፍታው አለፈች። ኬኔ ሣሩ ላይ ተዘርራ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። እናቷን ስታይ ተነስታ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ማሬ በተዘረጋው እጅ ላይ ሳህኑን አስቀመጠችበት።

«እማ፣ ተመረጥኩ እኮ! አሁንም ኩርፊያ?»

«አይቻለሁ። ማልቀሱን ኋላ ታለቅሽዋለሽ» አለች ማሬ፣ ክዳኑን እየከፈተችላት። «ብይ፣ ሠላሳ ደቂቃው ሊሞላ ነው።»