ውሃ ያዘለ ጉልበት

ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ።

ዙሌይካ ድስቱን የምታወርደው በዚህ ድምፅ ነበር። ባሏ አብዱላሂ ሦስተኛ ፎቅ ከመድረሱ በፊት ጉልበቱ ቀድሞት ይደርሳል።

የድሬዳዋ ልጆች ናቸው፤ ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። በተጋቡ ሰሞን ከመግሪብ በኋላ ሱቃቸውን ዘግተው እስከ ባሕሩ ዳር በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ጉልበቱ ሲታመም ያ ቀረ። «ይዳን ብቻ፣ መጀመሪያ የምንሄደው ባሕር ነው» ይላት ነበር። እሷም አምናው፣ ለራሷ የእግር መንገድ ጫማ ገዝታ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር አስቀመጠች።

ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ሄዶ ታከመ። ሐኪሙ በአጥንቶቹ መሀል ያለቀውን ልም አጥንት ጠርጎ ሰው ሠራሽ ጄል ተከለለት። ተመልሶ ደረጃውን ሲወጣ አንዳች ድምፅ አልተሰማም። ሩዙ አረረ።

«ምን አስገቡልህ አቦ?» አለው ወንድሙ ሙጠሊብ።

«አብዛኛው ውሃ ነው አሉኝ።»

ሙጠሊብ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ወሩ ሰኔ ነው፤ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። «ውሃ? ጅቡቲ ውስጥ?»

በቃ፣ አብዱላሂ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉልበቱን ከፀሐይ ማሸሽ ጀመረ። ሁለት ቅያስ ለማትሞላ መንገድ ታክሲ ይጠራል። ቤት ሲገባ አየር ማቀዝቀዣው ሥር ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ይጥላል። ሶላቱም እንደ ሕመሙ ጊዜ በወንበር ነው። ሐኪሙ በስልክ «ይራመዱ እንጂ፣ የተተከለልዎት ሊሄዱበት ነው» ቢለው፣ ስልኩን ዘግቶ «እሱ ምን አለበት፣ ያለው ብርድ አገር!» አለ።

«ባሕሩ ጋ ነፋስ አለ ዛሬ» ትለዋለች ዙሌይካ።

«ሙቀቱ ይውጣ።»

ሙቀቱ ወጣ። ጥር ገባ፤ ሰዉ ሹራብ ደረበ።

«አሁንስ በረደ» አለችው።

«ዙሌይካ፣ ይቺ እኮ አዲስ ናት። ለሐጅ ነው የማቆያት።»

«ሐጁ መቼ ነው?»

«አላህ ሲለው።»

ሙጠሊብ በሳቅ ፈነዳ። «ከነላስቲኳ አስቀምጣት አቦ፣ እንደ ሳሎን ሶፋ!»

አብዱላሂ አልሳቀም፤ ፎጣውን አገላበጠ። ዙሌይካም አልሳቀችም። መኝታ ቤት ገብታ ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ሳበች። ስትወጣ ሻሿን አስራ፣ ጫማውን አድርጋ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለ አብዱላሂ።

በሩ ተዘጋ። አብዱላሂ እርጥቡን ፎጣ እንደያዘ ጆሮውን ቀሰረ። አዲስ ጫማ ደረጃውን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ወረደ።