ያልተሠራው አራተኛ ፎቅ

ጡረታ የወጣውን የአውቶቡስ ሾፌር ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ፍሬን» ይለዋል። ዕድሜ ልኩን ሲነዳ ሰው ቀርቶ ዶሮ ገጭቶ ስለማያውቅ የወጣለት ስም ነው። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው እንዴት ተታለለ ቢባል፣ አማቹን አምኖ ነው።

የልጁ ባል የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ቤት ሻጭ ነበር። በኋላ ሰው «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» አለው እንጂ፣ ያኔ የማይወደው አልነበረም። የሕንፃውን ሥዕል ዘርግቶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ፀሐይ የሚገባበትን ቤት መረጠለት። ጋሽ ፍሬንም ያለውን ቤት ሸጦ ከፈለና አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየ። ይባስ ብሎ የሥራ ጓደኞቹን እየጎተተ አስመዘገበ። «የልጄ ባል ነው» ማለቱ ለእነሱ ከውል በላይ ነበር።

ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመና የቆመው ብረት ዛገ። ሰዉ አቤት ብሎ ብሎ ሲሰለቸው የመንግሥት መርማሪ ክፍሉ ድረስ መጣች። ጋሽ ፍሬን ያለችውን አንድ ወንበር ለእሷ ለቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፈቃዱ ከመጀመሪያውም ለሦስት ፎቅ ብቻ እንደነበረ፣ የእሱ የተባለው ቤት ደግሞ ለሌሎች ቤተሰቦችም እንደተሸጠ ቀስ ብላ ነገረችው።

«ታዲያ እኔ የገዛሁት ምንድን ነው?» አላት።

«ሥዕሉን ነው፣ አባባ።»

ቀጥላም ሻጩ ነገሩን ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ጋሽ ፍሬን አንድ ነገር ትዝ አለው። እህቱ ልትመዘገብ ስትል አማቹ ወደ ጓሮ ጠርቶት፣ «እሳቸው እንኳ ትንሽ ይቆዩ» ብሎት ነበር። ያኔ ለአሮጊቷ ማዘኑ መስሎት ነበር። አሁን ገባው። ጓደኞቹ በማግስቱ ሲመዘገቡ ያው ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ወሬው ሲሰማ ከጓደኞቹ አንዱ፣ «አንተም ፍሬን በጠስክ፤ እኛንም ይዘኸን ገደል ገባህ» አለው። 

አማቹ ተከሶ ጋሽ ፍሬን የሚመሰክርበት ቀን ሲደርስ ልጁ መጣች። ባሏ ታዞ እንደሠራ፣ የድርጅቱ ባለቤት አስቀድሞ ከአገር እንደወጣ፣ ዱላው እሱ ላይ ብቻ እንደሚያርፍ እያለቀሰች ነገረችው።

«አባዬ፣ አላስታውስም ብትል ማን ምን ይልሃል?»

«እጃቸውን ይዤ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፣ ልጄ» አላት።

መሰከረ። የጓሮውን ነገር ሲናገር አማቹ ቀና ብሎ አላየውም። ተፈረደበት። ገንዘቡ ግን ለማንም አልተመለሰም። ጓደኞቹም አንዳንዶቹ ሰላም ይሉት ጀመር፤ አንዳንዶቹ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው አለፉት።

በመጠየቂያ ቀን ለአማቹ ሹራብ ገዝቶ በፌስታል ይዞ እስር ቤቱ በር ላይ ተሰለፈ። ልጁ ከፊቱ ነበረች። ዘወር ብላ አየችው፤ ፌስታሉን ከእጁ ተቀበለችና ገባች። እስክትወጣ አጥሩ ሥር ቆሞ ጠበቃት። ወጣች፤ መንገዱን ተሻግራ በሌላኛው በኩል ሄደች።