ተሸኝቷል

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። አገናኟ ነው የሚሏት። አገናኝ ሲባል ቤት የሚያከራይ ደላላ ወይም ትዳር የምታገጣጥም ባልቴት እንዳትመስላችሁ። እሷ የምታገናኘው የሰው በሽታ ነው። ጤና ጣቢያዎቹንና ትልቁን ሆስፒታል በኮምፒውተር አያይዛ፣ አንዱ ጋ የተመረመረ ሰው ሌላው ጋ ሲሄድ ደሙን እንደገና እንዳይቀዱት የሚያደርገውን ማዕከል ትመራለች። በአፍ ሲወራ ቀላል ይመስላል። ጤና ጣቢያዎቹ ግን እርስ በርስ የሚተያዩት እንደ ጣውንት ነው፤ መረጃ ስጡ ሲባሉ ጥርሳቸውን ነቅለው የሚሰጡ ይመስላቸዋል። ዓመታት ሙሉ ከአንዱ ኃላፊ ደጅ ወደ ሌላው እየተመላለሰች፣ ለአንዱ እየሳቀች፣ ለሌላው እየተኮሳተረች፣ በሻይ ብዛት ጨጓራዋን ልጣ ነው ያስታረቀቻቸው። ራሷ ግን ከማንም ጋር አልተገናኘችም፤ አርባ አልፏት ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ይቺን ቀልድ እዚያ መሥሪያ ቤት ያላወራት የለም። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ማዕከሉ ማለት እሷና ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮቷ ስትከፈት የመኪና ጭስ በምታስገባ፣ ስትዘጋ በማሽኖቹ ሙቀት በምትቀቅል ክፍል። ከስድስቱ አንዱ ሽቦ ነው። ቀጭን ስለሆነ ይሁን ሽቦ ሲቀጥል ስለሚውል ማንም አያስታውስም። ማሽኖቹ ሲያኮርፉ የሚያባብላቸው እሱ ነው። እሁድ እሁድም እሷ ቤት ጎራ እያለ የአባቷን ሬዲዮ ይጠግናል። አባትየው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሬዲዮው ደግሞ ከመኪናው በላይ አገር የዞረ ነው፣ እንደ ሳለ ነው የሚኖረው።

ከዚያ ለውጥ መጣ። አዲስ ኃላፊ ተሾመ፤ ‹‹ለውጥ›› ሳይል አረፍተ ነገር የማይዘጋ ሰውዬ። ስሙን ለመያዝ እንኳ የተቸገረ የለም፤ በሳምንቱ ‹‹አቶ ለውጥ›› ሆነ። ሚስቱ ሶፋ ስታዞር ራሱ ለውጥ እየመራች ነው ይላል ብለው ያሙታል። አገናኟን አስጠርቶ ነገሩን አፍረጠረጠው።

‹‹ማዕከልሽ ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ ይገባል። የምትሠሩት አዲሱ ሲስተም የምረቃው እንግዶች በሚመጡበት ሰኞ ሥራ ከጀመረ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ። ካልጀመረ ትበተናላችሁ።››

‹‹ሁላችንም?››

‹‹ሁላችሁም። ለውጥ ሰው አይመርጥም።››

ወርዳ ለስድስቱ ነገረቻቸው። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ አንዱ ቤት እየሠራ ጣራው ላይ ደርሷል፣ ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው።  ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ የሚወጣ ጠፋ።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሽቦ ከወንበሩ ሳይነሳ ጠራት።

‹‹ነይ እስቲ ይቺን ጉድ እያት።››

ጉዷ አንዲት ቃል ነበረች፤ ‹‹ተሸኝቷል››። ጤና ጣቢያዎቹ በሽተኛው ድኖ ቤቱ ሲገባ ተሸኝቷል ብለው ይጽፋሉ። ሆስፒታሉ ቤቱ የሚገባውን ወጥቷል ነው የሚለው። ድሮ እዚያ አንዱ ሆደ ቡቡ መዝጋቢ፣ ቤተሰብ ፊቱ ቆሞ ሲያለቅስ ሞቷል ብሎ መጻፍ ቢያቅተው፣ ተሸኝቷል ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ መዝጋቢዎችም ደስ አላቸውና በዚያው ቀረ። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ሽኝት በፊት ለፊት በር በእግሩ የሚሄድ ነው፤ የሆስፒታሉ ሽኝት በጓሮ በር በሰው ትከሻ።

‹‹እስከ ዛሬ እንዴት ሳይፋጅ ኖረ?›› አለች።

‹‹የድሮው ሲስተም ለየቤታቸው ያነብላቸው ነበራ። አዲሱ አንድ ቃል፣ አንድ ትርጉም ነው የሚያውቀው። እንዲሁ ከከፈትነው የአንዱን ይዞ የሌላውን ይውጣል። ሁለት ሳምንት አስፈቅጂልኝ፣ አንድ በአንድ ከምንጩ እለየዋለሁ።››

ወጣች። አቶ ለውጥ ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ባነር እያስለካ ነበር። ነገሩን ከላይ እስከ ታች አስረዳችው።

‹‹ታዲያ የሆስፒታሉን ትርጉም ያዙ፣›› አላት ዓይኑን ከሜትሩ ሳይነቅል። ‹‹ትልቁ እሱ አይደል?››

‹‹ከያዝነው ጤና ጣቢያ ድኖ የወጣ ሰው ሁሉ ሞተ ማለት ነው እኮ።››

‹‹በወረቀት።››

‹‹በኮምፒውተር።››

‹‹ያው ነው። ከሰኞ በኋላ ታስተካክላላችሁ።›› አሁን ገና ዞሮ አያት። ‹‹እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከለውጡ ጋር ነሽ ወይስ የቃል ጨዋታ ይዘሽ ለውጡ ላይ ልትቀመጪበት ነው?››

የምትመልሰው ነበራት። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጣራ ላይ የደረሰው ቤትና የነፍሰ ጡሯ ሆድ ትዝ አሏትና ዋጠችው። ወንበሯም ትዝ ብሏታል፤ እሱን እንኳ ለማንም አትናገርም።

ምድር ቤት ስትመለስ ሽቦ ፊቷን አይቶ ገባው።

‹‹ክፈተው፣›› አለችው።

‹‹እንዲሁ?››

‹‹እንዲሁ። በሳምንቱ እናስተካክላለን።››

‹‹በሳምንቱ ስንት ሰው ይሞታል?››

‹‹ክፈተው አልኩህ እኮ።››

ሽቦ ከፈተው።

ሰኞ ተጨበጨበ። እንግዶቹ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ መስመሮች እርስ በርስ ሲሳሳቡ አይተው ተደነቁ። አቶ ለውጥ ማይኩን አልለቅም ብሎ ምሳው ቀዘቀዘ።

ከማግስቱ ጀምሮ ሕያው ሁሉ ማለቅ ጀመረ። ሲስተሙ ራሱ ለቤተሰብ መልእክት ይልካል፤ አንዱ ባል ከሚስቱ ጎን ቁጭ ብሎ ቲቪ ሲያይ ‹‹በባለቤትዎ ኅልፈት የተሰማንን ሐዘን እንገልጻለን›› የሚል ስልኩ ላይ ገባለት። ሚስትየዋ ‹‹እስኪ ምን ብለህ ትመልሳለህ፣ አየሃለሁ›› አለችው አሉ። እዚህ ድረስ ያስቃል። አንዲት ስኳር በሽተኛ ሴትዮ ሞተሻል ተብላ መርፌዋን ተከልክላ ወለል ላይ ስትወድቅ ግን የሳቀ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን የአገናኟ አባት ከዘራውን ይዞ ምድር ቤት ድረስ ወረደ። መሥሪያ ቤቷን ረግጦት አያውቅም ነበር።

‹‹አባባ! ምን ሆንክ?››

‹‹ሞቼ።››

‹‹አትቀልድ።››

‹‹እኔ መቼ ቀለድኩ? የደም ግፊት ክኒኔን ልወስድ ብሄድ፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ‘አባቴ እርስዎ አርፈዋል’ አለችኝ። ይኸው ቆሜያለሁ አልኳት። ‘መቆምዎንማ አይቻለሁ፣ ሲስተሙ ግን ለሞተ ሰው አይሰጥም’ አለች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ እየሳቀ ‘ነፍስ ይማር’ አለኝ።››

‹‹ቁጭ በል፣ ክኒኑን እኔ ገዝቼ...››

‹‹ክኒኑን ተይው። ማነው የገደለኝ?››

‹‹አንዲት ቃል ናት አባባ። ተሸኝቷል የምትለዋ። ጤና ጣቢያው ድነህ ስትወጣ ጻፋት፣ ሆስፒታሉ ጋ ግን ሞቷል...››

‹‹ታውቂ ነበር?››

አገናኟ ወንበር ልትስብለት ዞረች። ሽቦ ጫማውን ያያል። አባትየው ያን ሁሉ ዘመን መንገድ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ፊት ማንበብ አያቅተውም። ከዘራውን አነሳና ደረጃውን እየቆጠረ ወጣ። ሽቦ ሮጦ ክንዱን ይዞ እስከ በሩ ሸኘው፤ ያኛውን የደህናውን ሽኝት።

ሽቦ ያለ እንቅልፍ ቁጭ ብሎ የሞቱትን አንድ በአንድ አስነሳቸው። በኋላ ከበላይ ሰዎች መጡና ስብሰባ ተጠራ። አገናኟ ገና ከቤቷ ስትወጣ የምትለውን አጥንታለች፤ ‹‹ክፈት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት።›› አጭር ነች። ታክሲ ውስጥ፣ ደረጃው ላይ ስትለማመዳት ነበር።

አቶ ለውጥ ለስለስ ብሎ ጀመረ። ‹‹ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ለውጡ እንዲቀጥል፣ ማዕከሉም እንዳይበተን፣ ስህተቱ የቱ ጋ እንደተፈጠረ ብቻ ማወቅ እንፈልጋለን።›› ወደሷ ዞረ። ‹‹ቁልፉን የነካው የማን እጅ ነው?››

‹‹እንዳይበተን›› የምትለዋ ቃል ላይ ዘግየት ብሎ ነበር። ገባት።

‹‹የማን እጅ ነው ነው ያልኩሽ።››

‹‹የሽቦ፣›› አለች።

ውሸት አልተናገረችም። እጁማ የሱ ነው። ያጠናቻትን አረፍተ ነገር እንደያዘቻት ወጣች።

አምስቱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ገቡ፤ መስኮቱ ዛፍ የሚያሳይ ክፍል ተሰጣቸው። እሷም የሚሽከረከር ወንበር ደረሳት። ለሽቦ ደግሞ ‹‹በገዛ ፈቃዱ ስለለቀቀ›› ዝግጅት ተደረገለት። ብስኩትና ለስላሳ ተገዛ። ግድግዳው ላይ ያ የሰኞው ባነር ተገልብጦ በጀርባው ‹‹የሽኝት ፕሮግራም›› ተጽፎበታል። ንግግር አድርጊ ተባለችና አደረገች፤ ታታሪ አለችው፣ ቅን አለችው። ማንም ዓይኗን አላያትም። የግድግዳ ሰዓት ስትሸልመው ሽቦ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

‹‹የትኛው ነው?››

‹‹ምኑ?››

በአገጩ ባነሩን አሳያት። ‹‹የጤና ጣቢያው ወይስ የሆስፒታሉ?››

ፎቶ አንሺው ፈገግ በሉ አላቸው። ፈገግ አሉ።

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አድርጎ በጥፊ ይመታዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ክኒኑን ራሱ ሄዶ ነው የሚያመጣው፤ ከእግዜር ሰላምታም በላይ ብዙ አያወራትም። ዛሬ ግን ሬዲዮው አስገደደው።

‹‹ይሄ ነገር ጭራሽ ድምፁን አጠፋ። ያንን ልጅ እሁድ ብቅ በል በይልኝ።››

‹‹አይመጣም አባባ።››

‹‹ምነው?››

ለቀቀ ልትል ነበር። ቀኑን ሙሉ ስትለው የዋለችው ቃል ግን ቀድሞ አመለጣት።

‹‹ተሸኘ።››

አባትየው እጁ ሬዲዮው ላይ ቀረ። ቃሉን ያስተማረችው እሷ ናት።

‹‹መቼ ሞተ?›› አላት።

አልሞተም ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታያት፤ ታዲያ ማነው የሸኘው። ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች፤ ማሰሪያ የሌለውን ጫማ ለመፍታት ብዙ ቆየች።