መጀመሪያ ለእሷ

መምህር ሮብሳን እጁን አንስቶ ሳይናገርበት ቀረ። ሃዋኒ ዓይኗን ጨፍናለች። መስማት ለማይችል ሰው ዓይን መጨፈን በር መዝጋት ነው፤ እየጮሁ ማስከፈት አይቻልም።

«ምን አለችህ?» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም ዓብዲሳ፣ ከድንኳኑ ወንበሮች መካከል አንገቱን አስግጎ።

«ምንም አላለችም።»

«እሺ አንተ ንገራት እንጂ! ከትናንት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ንፍሮውን እንኳ ቅመሺ በላት።»

«አታየኝም እኮ ኦቦ ዓብዲሳ።»

«እንዴት አታይህም? ጆሮዋ እንጂ ዓይኗ ምን ሆነ?»

ሮብሳን አምቦ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህር ነው። ሌሎቹ መምህራን ሲያስተምሩ ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ለማይሰሙት ተማሪዎች በምልክት ቋንቋ ይተረጉማል። ሃዋኒ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን እጅ ስታይ ኖራለች። እዚህ እጃጂ፣ አባቷ ለቅሶ ላይ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ሊያናግራት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። እሷም ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ማየት ያልፈለገችው እሱን ብቻ ነው።

«ባርሲሳውን ምን ሆና ነው የኮረፈችው?» አለች ከኋላው አንዲት ለቅሶ ደራሽ፣ መምህሩን በአገጯ እያሳየች።

«ሐዘን ነዋ።»

«ሐዘን ሌላ፣ ኩርፊያ ሌላ።»

ሴትየዋ አልተሳሳተችም።

ትናንት ማለዳ የደወለለት ዓብዲሳ ነው። «ጉርሙ ሌሊት አረፈ። ለቀብሩ ልጅቷን ይዘህልን ና። መንገድ ላይ ግን እንዳትነግራት፤ እዚህ ሽማግሌ አለ፣ ወግ አለ። ትንሽ አሞታል በላት።»

ወጉን ሮብሳንም ያውቀዋል። መርዶ መኪና ውስጥ አይነገርም። ከሩቅ የመጣን ሐዘንተኛ ሰፈሩ ሲደርስ የሚቀበለው የለቅሶው ድምፅ ነው፤ ቀሪውን ሽማግሌዎች ይጨርሱታል። ያ ድምፅ ለሃዋኒ እንደማይደርሳት አላሰበም። በየስብሰባው «ስለማይሰሙት ልጆች አስቡ» እያለ ባልደረቦቹን የሚያሰለቸው ሰው፣ እሱ ራሱ አላሰበም።

«አባትሽ ትንሽ አሞታል፤ እንሂድ» አላት በእጁ።

«ትንሽ?»

«ትንሽ።»

አመነችው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ከዘመድ መልእክት እንዳይደርሳት ፈርቶ፣ የእኔ ባትሪ ጨርሷል ብሎ ስልኳን ተቀበላት። ጉደር ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ወርዳ ሙዝ ገዛች። አባቷ ጥርሱን ያመው ስለነበር እየዳሰሰች ለስላሳ ለስላሳውን መረጠችለት። «ይቅርብሽ» ሊላት ይችል ነበር። አላላትም። ጭራሽ ፌስታሉን ተቀብሎ ያዘላት። ጌዶን ሲያልፉ ስለ ፊዚክስ መምህራቸው አካሄድ በእጇ እያስመሰለች አሳቀችው፤ እሱም ሳቀ። ከሁሉ የሚቆጨው ያ ሳቅ ነው።

እጃጂ ደርሰው ወደ ሰፈሩ ሲታጠፉ ድንኳኑን አየች። ቆመች። ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ወደ እሷ ይሮጡ ነበር። ወደ ሮብሳን ዞራ ጠበቀች። እጁን ማንሳት የነበረበት ያኔ ነው። በእጁ ላይ ግን የሙዙ ፌስታል ነበር፤ እሱን የት እንደሚያስቀምጥ ሲፈልግ ሴቶቹ አቅፈው ወሰዷት።

አሁን፣ በቀብሩ ማግስት፣ ድንኳኑ ውስጥ እድርተኞቹ ስለ ሟቹ ያወራሉ። ጉርሙ ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ነው። እሱ ባለበት የባለሥልጣን ቤት ጤፍ እንኳ ወረፋ አይዘልም ነበር ይላሉ። ሮብሳን የሚያውቀው ግን ሌላ ጉርሙን ነው። ሃዋኒን ዘጠነኛ ክፍል ሊያስመዘግባት አምቦ ሲመጣ፣ መዝጋቢው «ሳትሰማ እንዴት ልትማር ነው?» አለው። ጉርሙ አልተቆጣም። «እኔ የወፍጮ ቤት ሰው ነኝ» አለ እየሳቀ። «ሞተሩ ከተነሳ ማን ማንን ይሰማል? ድሮም በእጅ ነው የምናወራው።»

በዚያው ዓመት ሮብሳን ለወላጆች የቅዳሜ የምልክት ቋንቋ ትምህርት ከፈተ። የመጣው ወላጅ ጉርሙ ብቻ ነበር። ጫማው ዱቄት እንደነካው ከተማሪዎቹ ጋር ይቀመጣል። ወፍራም ጣቶቹ አልታዘዝ ሲሉት ልጆቹ ይስቁበታል፤ እሱ ከሁሉም በላይ ይስቃል።

አንድ ቅዳሜ ሃዋኒ አባቷን ጠየቀችው። «አያቴ ስትሞት ለምን አልነገራችሁኝም? ሰው ሁሉ ጥቁር ሲለብስ አይቼ ነው ያወቅኩት።»

ጉርሙ «እንዴት እንደምንነግርሽ አናውቅም ነበር» አላት። ከሮብሳን ጋር ወደ በሩ ሲሄድ ክንዱን ያዘው። «ስማኝ ባርሲሳ። ልጄ ዳግመኛ ከሰው ፊት ላይ መርዶ እንዳታነብ። ምንም ነገር ይምጣ፣ መጀመሪያ ለእሷ።»

«መጀመሪያ ለእሷ» አለው ሮብሳን። ከልቡ ነበር።

ሰልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ሲነቀል፣ ሮብሳን ሊሰናበት ወደ ቤት ገባ። የሟቹ ሚስት ጉዴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሃዋኒ ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«አዴ ጉዴ፣ በድያታለሁ» አለ። «ልነግራት ይገባኝ ነበር። ጉርሙም አደራ ብሎኝ ነበር።»

«አንተማ ያልንህን ነው ያደረግከው። ማል ጎና?» አለች ጉዴ፣ ምን እናደርጋለን ስትል። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «እኔ ነኝ የበደልኳት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሄድ ‹ሽማግሌው ተማሪ› እያልኩ እስቅበት ነበር። ለእረፍት ስትመጣ ሁለቱ እዚህ ቁጭ ብለው በእጃቸው ሲያወሩ ያመሻሉ፤ እኔ ወጤን አማስላለሁ። እሱ አለ ብዬ እኮ ነው። አሁን ልጄን አቅፌ ከማልቀስ በቀር የማውቀው የለም።»

ሃዋኒ ከግድግዳው ዞረች። የእናቷን አፍ ስታይ ቆይታ ተነሣችና ከፊቷ ተንበረከከች። ከዚያ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሮብሳን ተመለከተች፤ ፊቱን ግን አላየችም፣ እጁን ነው።

«አሳያት» አለችው በእጇ።

«ምኑን?»

«‹አባት› የሚለውን። ‹ሞተ› የሚለውን። ሌላ ጊዜ የምትነግረኝ እሷ ናት።»

ይቅርታ ሊላት እጁን ወደ ደረቱ አነሣ። እሷ ግን ወደ እናቷ ዞራ ነበር። እጁን መልሶ ሁለቱን ምልክቶች ለጉዴ አሳያት፤ ቀስ ብሎ፣ ደግሞ ደጋግሞ።

ጉዴ የመጀመሪያውን ያዘችው። ሁለተኛው ላይ ተሳሳተች። ሃዋኒ የእናቷን እጅ በእጆቿ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ አስተካከለችላት፤ እንደገና እንድትለው በአገጯ ምልክት ሰጠቻት።

«አባት» አለች ጉዴ በእጇ። «ሞተ።»

ሃዋኒ ገና አሁን እንደተነገራት ሰው ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጭንቅላቷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣለችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ጉዴ እጇን ዝቅ አላደረገችም፤ እንዳይጠፋባት የፈራች ይመስል፣ ጣቶቿን ልጇ እንዳስተካከለችላቸው አድርጋ ይዛ ቀረች።