ጉልቤን ማን ያድነዋል?

ጉልቤ አውቶቡስ በአንድ እጁ የሚያነሳ፣ እሳት የማይበላው፣ ከወፍ ቀድሞ የሚበር ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ኑሮው የሚያስቀና ይመስላል። ሚስቱን ብትጠይቋት ግን የጉልቤ ኑሮ ማለት የቀዘቀዘ ምሳ ነው።

ቤታቸው አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ የመጨረሻው ደርብ ሁለት ክፍል ናት። ፊት ለፊት ያለችው ክፍል የሚስቱ የልብስ ስፌት ቤትም ነበረች፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ ክሮቿ መስኮቱ ደፍ ላይ። ጉልቤ ከዓለም ዳርቻ ሲመለስ በዚያው መስኮት እየገባ ክሩን ሁሉ ይበትነዋል።

«በር እኮ አለን፤» ትለዋለች። ከዚያ ካባውን ተቀብላ የተቀደደውን እየጣፈች፣ «ዛሬስ ማንን አስቀየምክ?»

አለማስቀየም አይሆንለትም ነበር። አንድ ቀን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ገባ።

«አውቶቡሱ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ብድግ አድርጌ መንገዱ ላይ ላኖረው ስል አንድ ሽማግሌ በመስኮት ብቅ አሉና፣ ‹አሳዳጊ የለህም እንዴ? ሰላም ሳትል ሥራ ትጀምራለህ?› አሉኝ። ለካ እዚያ አገር የሰው እጅ እንኳ ከመንካትህ በፊት ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን መጠየቅ አለብህ።»

«እና?»

«እና ምን ላድርግ! አውቶቡሱን ተሸክሜ ከሾፌሩ እስከ ኋላ ወንበር አንድ በአንድ ጠየቅኩ። የአንዷ ላም ታማ ኖሮ ወሬው ረዘመ።»

በሌላ አገር ደግሞ ከሚቃጠል ቤት ሕፃናቱን አስቀድሞ አወጣ። ጎረቤቶቹ ይመርቁኛል ብሎ ቢጠብቅ ፊታቸውን አጠቆሩበት። እዚያ ታናሽ ከታላቁ ቀድሞ በር አይወጣም። ቶሎ ታላላቆቹን ሊያወጣ ሲገባ፣ ሁለት አሮጊቶች ጭሱ መሀል ቁጭ ብለው «እኔ ነኝ የምበልጠው» «የለም እኔ ነኝ» ይባባላሉ። አንደኛዋ ምስክር ካልተጠራልኝ አሉ። ካባው የተቃጠለው ያን ጊዜ ነው።

«ጉልበት ሰጥቶህ ጆሮ ነሳህ፤» አለችው ሚስቱ። «ለምን መጀመሪያ አትጠይቅም?»

«እኔ ስጠይቅ ሰውየው ይሰምጣላ!»

ጥሎበት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሳይጠይቅ ከውሃ ያወጣቸው ሴትዮ ናቸው መዘዙን ይዘው የመጡት።

ሴትዮዋ አንዲት ደሴት ላይ፣ ወደብ አጠገብ ገመድ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። ዕድሜያቸውን ከመርከበኛ ጋር ሲከራከሩ ስለኖሩ የማይችሉት ቋንቋ የለም። ጎርፍ ሲወስዳቸው ጉልቤ ከብብታቸው ይዞ ብድግ አደረጋቸውና የቤታቸው ጣሪያ ላይ አስቀመጣቸው። ሊሄድ ዞር ሲል ካባውን ጨምድደው ያዙት።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ወደ ቤታችን በል።»

የደሴቲቱ ወግ እንዲህ ነው፦ ከውሃ የወጣ ሰው፣ ያወጣውን ሰው በተራው ሳያድን የራሱን ቤት ደፍ አይረግጥም። ውለታው ሳይመለስ ቤቱ ከገባ፣ በዚያ ቤት የሚወለድ ልጅ ዕድሜው ያጥራል ይባላል። የሴትዮዋ ልጅ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው።

«እኔን እኮ ምንም አይነካኝም፤» አለ ጉልቤ።

«እሱን እናያለን፤» አሉና አንድ ጥቅል ገመድ ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉ።

የፎቁ ነዋሪዎች በሁለተኛው ቀን «እማማ ጎርፍ» የሚል ስም አወጡላቸው። ስፌት ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈላቸው፤ ከሚስቱ ጋር ወዲያው ተዋደዱ፤ ጉልቤ ግን መድረሻ አጣ። ሻዩን ሊጠጣ ሲል ቀምተው እፍ እፍ ይላሉ። ደረጃ ሲወርድ ቀድመው እየወረዱ እያንዳንዱን እርከን በእግራቸው ይረግጣሉ። ሽንኩርት ሊከትፍ ቢላዋ ቢያነሳ፣ «ጣል!» ብለው ይጮሃሉ፤ ቢላዋው ጣቱ ላይ እንደሚታጠፍ እያወቁ። አንድ ቀን ከበሩ ኋላ ዘለው ወጥተው ከጎረቤት ድመት አስጣሉት።

ጉልቤ ቸገረውና ሊያታልል ሞከረ። ቁምሳጥኑን በላዩ ላይ ገለበጠና፣ «ኡ ኡ! ድረሱልኝ!» አለ።

እማማ ጎርፍ ሻያቸውን ይዘው መጥተው ከላይ ተመለከቱት።

«ትናንት የውሃ ታንከር በትከሻህ ጣሪያ ላይ ያወጣኸው አንተ አይደለህም? ተነስ፣ ወለሉ ይበርዳል። በውሸት ያዳንኩትን ሰው ይዤ ልጄ ፊት አልቀርብም።»

ያን ዕለት ከሰዓት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ ገመዱን እየቋጠሩና እየፈቱ፣ ባሕሩ ይኖርበታል ወዳሉት አቅጣጫ ሲያዩ ዋሉ። ሚስቱ ጉልቤን ወደ ጓዳ ጠራችው።

«ልጃቸው ዛሬ ነገ ናት። አንተ እንደሆንክ ብረት ነህ። እኚህ ሴትዮ የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ መቅረታቸው ነው።»

አውቶቡስ ያልከበደውን ጉልቤን ይህ ነገር ከበደው።

አንድ ሌላም ነገር ነበር። ጉልቤ እምቢ ማለት አይችልም። በየአገሩ ማዕበልና እሳት ሲያሯሩጠው ሰንብቶ ደረጃው ላይ እግሩ እንዳረፈ፣ ምድር ቤት ያለው ጎረቤት «ይቺን ሶፋ አንድ ጊዜ» ይላል፤ አከራዩ «ይህችን ታንከር ብቻ» ይላሉ፤ ሶፋዋ ደግሞ ሳምንት ሳትቆይ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። እና ጉልቤ ከመጠን በላይ ሲደክመው፣ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ሰውነቱ ይቀልና ይንሳፈፋል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። እንዲህ ባለ ቀን የፒጃማውን እጅጌ ከፍራሹ ጋር ትሰፋዋለች።

በማግስቱ እንዲሁ ደክሞት ሲገባ ግን ሚስቱ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር። ሙቀት ስለነበር መስኮቱ ተከፍቷል። ጉልቤ ምሳውን ሳይጨርስ ጋደም አለ።

በሕልሙ አንድ ሰፊ ነጭ ቦታ አየ። ሶፋ የለም። «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚል ሰው የለም። እንዴት እንደሚጣፍጥ! ወደዚያው ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ አንድ ነገር ቁርጭምጭሚቱን ጨምድዶ ያዘው። ዓይኑን ገለጠ። ቁልቁል ተዘቅዝቋል፤ ወፎች ከሥሩ ይበራሉ፤ ፎቃቸው የክብሪት ቀፎ አክላለች። ከእግሩ የወረደው ገመድ በመስኮታቸው ይገባል፤ ከታች የሚሰማው ድምፅም የታወቀ ነው።

«ሳቡ! ልጄን ሳቡልኝ! አንተ ባለ ሶፋ፣ ምሳ አልበላህም እንዴ?»

ስበው ስበው በመስኮቱ አስገቡትና የስፌት መኪናው ላይ ጣሉት። እማማ ጎርፍ፣ አከራዩና ባለ ሶፋው ያለከልካሉ። ጉልቤ አፈረ። አፍሮም የመጣለትን ተናገረ።

«ምን አስቸገራችሁ? ብወድቅም እኮ አልጎዳም ነበር።»

እማማ ጎርፍ ገመዱን ለቀቁት። መዳፋቸው ተልጦ ደም አዝሏል። በወጋቸው የዳነው ሰው መዳኑን በአፉ፣ ሰው ፊት ካልመሰከረ አልዳነም።

«እንግዲያው አላዳንኩህም፤» አሉና ወደ ፍራሻቸው ሄደው ጀርባቸውን ሰጡት።

ሚስቱ ክሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«የት ሄዶ ነው?»

«ወደ ላይ፤» አሉ አከራዩ በጣታቸው እያሳዩ። «በመስኮቱ ተንሳፍፎ ሲወጣ ሴትዮዋ እግሩን በገመድ ጠለፉና ጮሁ፤ ገመዳቸው ሊያልቅ ሲል የኔን የልብስ ማስጫ ቀጠልንበት።»

ሚስቱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «መቼ ትነቃ ነበር?» አለችው።

ጉልቤ «ወዲያው» ሊል አፉን ከፈተ። ያ ነጭ ቦታ ትዝ አለው። እየሄደ እንደነበር፣ ለመመለስም አንዳች ሐሳብ እንዳልነበረው ትዝ አለው። አከራዩንና ባለ ሶፋውን አየ፤ እነሱ ፊት አንድም ቀን ተሸንፎ አያውቅም። ከዚያ የተላጡትን መዳፎች አየ።

«እማማ፣» አለ፣ «ባይይዙኝ ኖሮ አልመለስም ነበር። አድነውኛል።»

«ጮክ በል። አከራዩ አልሰሙም።»

«አድነውኛል!»

«ሰምቻለሁ ኧረ፤» አሉ አከራዩ።

እማማ ጎርፍ ወዲያው ተነስተው ጓዛቸውን ሸከፉ። ጉልቤ ጀርባው ላይ ሊያወጣቸው ጎንበስ ሲል ግን ገመዱን መጀመሪያ በራሳቸው ወገብ፣ ቀጥሎ በሱ ወገብ አሰሩ።

«ብወድቅ የሚያድነኝ ገመዴ ነው። እጅህን እንዳትሰነዝር! በስንት መከራ የወጣሁበትን ዕዳ እንደገና ልታስጀምረኝ ነው?»

ባሕሩ መሀል ላይ ነፋስ መታቸውና ከጀርባው ተንሸራተቱ። እታች ተንጠልጥለው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። ጉልቤ ሁለት እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ ላቡ እየወረደ በረረ።

«እማማ፣ ልያዝዎት?»

«ተው ብያለሁ! ከዚህ እንዲያውም ጥሩ ይታያል!»

ደጃቸው ሲያርፉ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። እማማ ጎርፍ ገመዱን እንኳ ሳይፈቱ ደፉን ተራምደው ገቡ፤ ጉልቤም እየተጎተተ ተከተለ። በሩ ላይ ግን ባለበት ቆመና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መቃኑን አንኳኳ።

«መግባት ይቻላል?»

«እጅህን ታጠብና ግባ፤» አለች አዋላጇ።

ገመዱን እማማ ጎርፍ ለሱ ተዉለት። አሁን ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል አንዱ ጫፍ ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ ሌላው ጫፍ የስፌት መኪናው እግር ላይ ነው። አንድ ቀን ባለ ሶፋው በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለ።

«ጉልቤ አለ? ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር።»

ሚስቱ ከስፌቷ ቀና አላለችም።

«ተኝቷል። ከአከራዩ ጋር አንሱት፤ ባለፈው ስትጎትቱ አይቻለሁ፣ ትችላላችሁ።»